የሰሜኑ መስኮት

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ብሩሾቹን አጥቤ ጨረስኩ። ተርፔንታይን ስለጠፋ በነጭ ጋዝ ነው የማጥባቸው፤ እጄ እስከ ማታ ይሸታል።

ዛሬ በትምህርት ቤታችን ስብሰባ ነበር። አዲሱ አዳራሽ ለሥዕል ክፍል ተሰጠ። ይህን ቀን ስጠብቅ መኖሬን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከአንቺ በፊት የነበሩት ደብተሮችም ያውቃሉ። በቆርቆሮው ክፍል፣ በረዶ ጣሪያውን ሲደበድብ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መብራት ሲሄድ ተማሪዎቹን በየበሩ እየደረደርኩ ሥዕል ያሠራሁት እኔ ነኝ።

ታዲያ ዳይሬክተሩ አቶ ይርዳው ምን አሉ? የአዲሱን ስቱዲዮ ብርሃን፣ አምፖሉንም መስኮቱንም የምትመርጠው መምህርት ሜሮን ናት። አዲስ አበባ ተምራ የመጣች ስለሆነች። የመጣችው በመስከረም ነው። የጉና ተራራን ብርድ እንኳ ገና አልለመደችውም፤ ካልሲ ደርባ ነው የምትሄደው። ስቱዲዮውንም እሷው ትመራዋለች።

ለእኔ የአንደኛ ዓመት ንድፍ። እዚያው ቆርቆሮው ክፍል። ወ/ሮ ስንዱ ቤቱን ስለለመዱት ነው አሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ስሟን እየደጋገምኩ ቀለም አልጨርስም። ከዛሬ ጀምሮ ሜ. ትባል።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ይባስ ብሎ። የአዲሱን ስቱዲዮ የመብራትና የመስኮት ሥራ ማን ወሰደው? ባሌ። ጌታሁን። ከተማው ውስጥ ግንብም ሽቦም የሚያውቅ ሌላ ሰው የጠፋ ይመስል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

እራት ላይ ወሬው ሁሉ ብርሃን። ብርሃን ከአንድ ወገን ሲመጣ የፊት አጥንት ይታያል ይለኛል። ከየአቅጣጫው ሲመጣ ግን ፊት ሊጥ ይሆናል ይለኛል። ማን ነገረህ? ሜሮን። ሽሮው እየቀዘቀዘ እጁን ግድግዳው ላይ ዘርግቶ ጥላውን ያሳየኛል። ለማን? ለእኔ። ሥዕል ለማስተምረው ለእኔ።

ከተጋባን ጀምሮ ጓዳ ጥግ ነው የምሥለው። ለምን እዚያ ጥግ እንደምቀመጥ፣ ለምን በሩን እንደምዘጋ፣ ለምን በጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቦታ እንደማልቀይር አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ብቅ ይልና እንጀራ አለ ወይ ይላል። ሄደ።

አሁን እሷ በአንድ ቀን ዓይኑን አበራችለት።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ጠመኔ ልወስድ ነው ብዬ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ጠመኔ ነበረኝ።

ጌታሁን መሰላል ላይ። ሜ. ከታች። ጠረጴዛ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሲኒ ደርድረዋል። እሱ አምፖል ይቀያይራል፣ እሷ ታያለች። ቢጫው አምፖል ሲበራ ሽንኩርቱ ሞቅ ይላል፤ ሰማያዊው ጨርቅ ግን ጠቁሮ ይታያል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው አምፖል ሲበራ ቀዩ ጨርቅ ይጠወልጋል፣ የሰውም ፊት የታመመ ይመስላል። መካከለኛው ነጭ ግን ሁሉንም እንደነበረ ያሳያል። እሱን መረጡ። ብርሃኑ ዓይን እንዳይወጋና ሸራው ላይ እንዳያብለጨልጭ ወደ ጎን አዘንብሎ ይሰቀል አለች። ግድግዳው ላይ ያለው አረንጓዴ ዘይት ቀለምም ፊት ላይ ስለሚያርፍ በግራጫ ይሸፈን አለች።

ሁሉም ትክክል ነው። እኔም ያንኑ ነበር የምመርጠው። የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ብትሳሳትልኝ ምን ነበረበት።

መሐል ላይ መብራት ሄደ። ሳቁ። ሁለቱም አንድ ላይ። ከዚያ ሜ. ቁም ነገሯን ተናገረች፤ እዚህ አገር በአምፖል ብቻ መተማመን አይቻልም፣ ዋናው መስኮቱ ነው፣ መስኮቱም በሰሜን ግድግዳ ይከፈት። በሰሜን በኩል ፀሐይ አትገባም፤ ብርሃኑ ከጠዋት እስከ ማታ ለስላሳና ያው ነው። እንዲህ ነው የተማረችው።

ማታ ጌታሁን ይህንኑ ደገመልኝ። የሰሜን ብርሃን፣ የሰሜን ብርሃን። ነገ ዘበኛውም ይለዋል።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ባሕር ዳር ሄዱ። አምፖልና መስታወት ሊገዙ። አብረው። በሚኒባስ።

በጊዜ እንመለሳለን ብሎኝ ነበር። ሲመሽ መጣ። መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት ስንደርስ ጎማ ፈነዳብን ይላል። ሐሙሲት። ከሐሙሲት ወንዛዬ ቅርብ ነው፤ ሰው ፍል ውኃ ሊታጠብ የሚሄድበት። ጋቢ ላልብስህ ብዬ ተጠጋሁና ፀጉሩን ነካሁት። ደረቅ ነው። አቧራ ሞልቶታል። ቢሆንም ከዚያ እስከዚህ ሊደርቅ ይችላል።

ምሳ ምን በላችሁ? ሽሮ። ዓሣ አልበላችሁም? ስንዱ፣ ጾም እኮ ነው አለ። እሷም ትጾማለች? እንጃ፣ እሷም ሽሮ ነው ያዘዘችው አለ።

ጅል መሆኔን አውቃለሁ። ባሌ ከሷ ጋር ምንም እንደሌለው አውቃለሁ። ሴት በባሏ ስትቀና ሰው የሚገምተው ዓይነት አይደለም የኔ። ዓይኑን ነው የወሰደችብኝ። እኔን ሳያይበት የኖረውን ዓይን።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ሜ. ዛሬ ወደ ቆርቆሮው ክፍል መጣች። እትዬ ስንዱ ብላ። እትዬ። በስንት ዓመት ብበልጣት ነው።

የአዳራሹን ንድፍ ይዛለች። ረጃጅም መስኮቶች፣ ሁሉም በሰሜን። እሷም፣ እኔ የዚህን አገር ብርሃን የማውቀው ገና ከመስከረም ወዲህ ነው፣ የዘለልኩት ነገር ካለ ይንገሩኝ አለችኝ። እውነት ለመናገር አጠያየቋ የትሕትና ነበር። ቀጥላም ጌታሁን እንደላካት ነገረችኝ። ስለ ብርሃን ስንዱን ጠይቂያት፣ ከሷ የሚያመልጥ የለም ብሏታል።

ለሷ ነገራት። ለእኔ አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም። እዚያች ላይ ደሜ ፈላ።

አሁን እውነቱን ለአንቺ ብቻ ልጻፍ። ንድፉ ስሕተት አለበት። ሰሜን ፀሐይ አትገባም የሚለው ትምህርት የመጣው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ከምትውልበት ሩቅ አገር ነው። እዚህ ግን ሚያዝያ አጋማሽ ላይ አናታችን ላይ ትደርስና ወደ ሰሜን ታልፋለች። እስከ ነሐሴ አትመለስም። ግንቦትና ሰኔ ጠዋት ስትወጣም፣ ከሰዓት በኋላ ስትወርድም በሰሜን መስኮት አግድም ትገባለች። ይህን ያስተማረኝ የለም። የጓዳዬ መስኮት በሰሜን ነው፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ወረቀቴ ላይ ትወጣብኛለች፣ እኔም አቡጀዲ እሰቅልባታለሁ። ነጭ አቡጀዲ፣ ስስ። ፀሐይዋን አጣርቶ ለስላሳ ብርሃን ያደርጋታል። መፍትሔው ይኸው ነው፤ አንድ ጨርቅ።

ተመራቂዎቹ ደግሞ የመመረቂያ ሥዕላቸውን የሚሠሩት ግንቦት ላይ ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ንድፉን አየሁ፣ አገላበጥኩ። ጥሩ ነው አልኳት። ምንም የቀረው ነገር የለም።

አመስግናኝ ሄደች።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ግድግዳው ተከፈተ። መስታወቱ ገባ። ምሳ ሰዓት ላይ ማንም ሳይኖር ገባሁ።

እንዴት ያለ ብርሃን ነው። ግራጫው ግድግዳ ላይ ረጋ ብሎ ተኝቷል። እጄን ዘረጋሁ፤ እያንዳንዱ ጅማት ይታያል። በዚህ ክፍል ውስጥ ሰው እንዴት መጥፎ ሥዕል ይሥላል?

መሐሉ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። በሰው ቀንቼ አውቃለሁ፣ በልብስ፣ በድምፅ ቀንቼ አውቃለሁ። በመስኮት ስቀና ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ፋሲካ አለፈ። ከበግ ጋር ጥላዬም አልቃለች፤ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ግቢው መሐል ቆሜ ብፈልጋት ከጫማዬ ሥር ገብታለች። ከነገ ወዲያ ወደ ደቡብ ትወጣለች። ማንም ልብ አላለም። ሰዉ ሁሉ ለምረቃው ሽር ጉድ ላይ ነው።

ስቱዲዮው ተመረቀ። አቶ ይርዳው ረዥም ንግግር አደረጉ። ሜ. ቀሚስ ለብሳ፣ አምራ። ጌታሁንን ጠርተው አስጨበጨቡለት። አንገቱን ደፍቶ ሳቀ፤ እንዲህ ሲስቅ ያየሁት በሠርጋችን ቀን ነው።

ተመራቂው አንተነህ የሸራ ማቆሚያውን መስኮቱ አጠገብ ተክሏል። የአንበሳሜው ዲያቆን። ከሰል እንዴት እንደሚያዝ ያሳየሁት እኔ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብቻ ያውቅ ስለነበር ፊት ላይ ጥላ መጣል ኃጢአት ይመስለው ነበር፤ እሱን ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ። የመመረቂያ ሥራው የመሪጌታ ልሳኑ ፊት ነው። መሪጌታ እሺ ብለው በየጠዋቱ ሊቀመጡለት ነው። ካለፈ አስተማሪ ሆኖ ይቀጠራል፤ እናቱ ይህን ብቻ ነው የሚጠብቁት። ወደ እኔ ክፍል መምጣት ትቷል። ሲያልፍ እጅ ይነሣል።

ቤት ገብቼ አቡጀዲዬን ሰቀልኩ። ዘንድሮ በጊዜ ነው። ጌታሁን ከሥሩ አልፎ ውኃ ጠጣ፣ ወጣ። ዘንድሮም አልጠየቀም።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ገባች።

ፀሐይዋ ገና ቀጭን ናት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ በመስኮቱ ጥግ ተሹለክልካ የምዕራቡ ግድግዳ ላይ ወጣች። ተማሪዎቹ ማቆሚያቸውን ገፋ ገፋ አደረጉ። ሜ. ለጊዜው ነው አለች አሉ። በበሩ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አልቆጠርኩም።

ደስ ብሎኛል። ውሸት አልጽፍብሽም፤ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። ለአንደኛ ዓመቶቹ እንኳ አልተቆጣሁም።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ደመና የለም። ፀሐይዋ ስቱዲዮውን ወርሳዋለች። ጠዋት መሪጌታ ፊት ላይ ቁጭ አለች። እርሳቸውም ለአንተነህ፣ እንዲያው ልጄ፣ የምትሥለኝ ነው ወይስ የምትጠብሰኝ አሉት። ክፍሉ ሳቀ። አንተነህ አልሳቀም።

የሥዕሉን የግራ ጉንጭ ሚያዝያ ላይ ጨርሶት ነበር፤ ለስላሳ ጥላ፣ ቆንጆ። አሁን ፀሐይዋ ያንኑ ጉንጭ ታበራዋለች፣ አፍንጫቸውም ጥላውን ወደ ሌላ ወገን ይጥላል። ያየውን ልሣል ሲል ሥዕሉ የሁለት ሰው ፊት ሆነ። ጉንጩን በቢላዋ ፍቆ እንደገና ሠራው። አሁንም አልሆነም። መጋረጃ የለም፣ መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው። አምፖሉ እንዳይበራ መብራት ከሄደ ሰነበተ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቆርቆሮው ክፍል መጣ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ በር ላይ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። ቲቸር፣ ጥላው ከዳኝ፣ ምን ላድርግ አለኝ።

አስተማሪህን ጠይቃት አልኩት።

እሺ አለ። እጅ ነሥቶ ሄደ። አንቺ፣ ከዚያ በኋላ ደስታዬ ወዴት እንደገባ አላውቅም። የመመረቂያ ሥዕሎቹን የሚያርሙት ገምጋሚዎች የሚመጡት በወሩ መጨረሻ ነው።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

አቶ ይርዳው ሁላችንንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰቡን። ፀሐይዋ መሐላችን ወለሉ ላይ። ጌታሁን ተጠርቶ መጥቷል፤ ካቦርቱን እንደለበሰ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።

ሰሜን ያልከው ሰሜን አይደለም አሉት። ለክተህ አልሠራህም፣ የተማሪ ዕድል አበላሸህ፣ መስኮቱ በብሎኬት ይዘጋል። በተማሪዎቹ ፊት። በአንተነህ ፊት። ጌታሁን በኮምፓስ እንደለካ ነገራቸው። ድምፁ ቀጭን ነበር። ታዲያ ፀሐይዋ ተሳስታ ነው የገባችው? ሲሉት ሰዉ ሳቀ። ባለፈው ጊዜ ያጨበጨበው ሰው ነው።

እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ልነሣ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ልነሣ ብዬ ነበር። ሜ. ተነሣች። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በሰሜን ይከፈት ያልኩት እኔ ነኝ፣ የዚህን አገር ፀሐይ ሳላጠና ነው የወሰንኩት አለች። እኔን ጠይቃኝ እንደነበር አላነሣችም። ዞር ብላም አላየችኝም።

ይህንንም ቀደመችኝ።

ጌታሁን ኮፍያውን ሳያደርግ እስከ ቤት ሄደ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ጌታሁን ሥራ አልሄደም። ጠዋት ስልኩ ላይ ኮምፓስ ከፍቶ ግቢው ውስጥ ሲዞር ነበር። ከአጥሩ፣ ከደጁ፣ ከውኃው በርሜል አጠገብ ይቆማል፣ ያያል። ሰሜን ያው ሰሜን ነው። ምሳ አልበላም።

እኔ ጓዳ ጥግ ሆኜ እጄ ይሥላል፤ ምን እንደሚሥል አላውቅም። ገባ። እንጀራ አለ ወይ አላለኝም። ቆመ። ወረቀቴን አየ። መስኮቱን አየ። ይህን መስኮት የከፈተልኝ እሱ ነው፤ በዚያ በኩል ጎረቤት ስለሌለ። የአቡጀዲውን ጫፍ በጣቱ ገለጥ አደረገ። ፀሐይዋ ገብታ ፊቱ ላይ አረፈች። ለቀቀው፤ ጠፋች። እንደገና ገለጠ። እንደገና ለቀቀ።

ስንዱ አለኝ፣ ይህን ጨርቅ ለምንድን ነው የምትሰቅዪው?

ከተጋባን ጀምሮ የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። መልሱን በልቤ ስንት ጊዜ አሰናድቼዋለሁ። እጁን ይዤ ወንበሬ ላይ አስቀምጬው፣ ጥላው በየወሩ እንዴት እንደሚዞር አሳይቼው፣ እሱ ተገርሞ፣ እኔ ኮርቼ። ይኸው መጣ። የመጣው ግን መልሱን ሳልናገረው ስለገባው ነው፤ ዓይኑ ይናገራል። ሊያውቅ የፈለገው ጨርቁን አይደለም። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ነው።

ነገርኩት። ሁሉንም። ሜ. መጥታ እንደጠየቀችኝ። ጥሩ ነው እንዳልኳት። አንተነህን ባዶ እጁን እንደሰደድኩት። ቀንቼ ነው አልኩት። በማን? አለ። በእሷ አልኩ። ከዚያ ትክክለኛውን ነገርኩት። ከእሷ ጋር ስለ ብርሃን ስታወራ፣ እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የእንጨት ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን ሲያገላብጥ ቆየ። እኔማ ታውቂያለሽ ብዬ ነው አለ፣ ለዚያ ነው ወደ አንቺ የላክኋት። ተነሥቶ ወጣ።

አቡጀዲውን አወረድኩት። አጣጥፌዋለሁ፤ አጠገቤ ነው። ፀሐይዋ ይህን የምጽፍበት ገጽ ላይ ናት፣ ዓይኔን ትወጋኛለች። ለአዳራሹ ለአንዱ መስኮት ብቻ ነው የሚበቃው። የመሪጌታ ወንበር ያለበት መስኮት ይሁን። የቀረውን ነገ ከቅዳሜ ገበያ እገዛለሁ። አንተነህ ያንን ጉንጭ እንደገና ለመሥራት ቀናት አሉት፤ ብርሃኑ ከተመለሰለት ይደርሳል።

ተማሪዎቹ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይወጡም። አሁን እሄዳለሁ። አውቅ ነበር እላለሁ። መጀመሪያ ለአንተነህ። ከዚያ ለሜሮን። ከዚያ አቶ ይርዳውን አስጠርቼ፣ ጌታሁን በተዋረደበት ቦታ፣ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት። ቆርቆሮውንም ክፍል ከነጠቁኝ ይንጠቁኝ።

ከውጭ የመሰላሉ ድምፅ ይሰማኛል። በመስኮቱ አየሁት፤ መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ደጁ ጋ ቆሟል። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል። እየጠበቀኝ ይሁን ወይስ ብቻውን ወደ አዳራሹ ሊሄድ፣ አላውቅም። አቡጀዲውን ይዤ እወጣለሁ።